አበልጅ ልሆን ነበር

ስለ ምህረቴ ንገሪን ካላችሁኝ ከጩኸቷ ልጀምር። ሰው ሁሉ «ጨዋ ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም» ይላታል። ኧረ ወዲያ! እነሱ የሚያውቋት መንገድ ላይ ነው። የእኔንና የእሷን ቤት የሚለየው አንድ የቀርከሃ አጥር ነው፤ እሱንም ባሏ ሲያጥረው ቀርከሃ አልቆበት መካከሉን ሳሳ አድርጎታል። ስለዚህ እዚያ ቤት የሚባለውን የኢንጅባራ ሰው ባይሰማ እኔ ስሜነሽ እሰማለሁ።

ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መቁጠሪያ ይደግማሉ። እሷ ወጥ እያማሰለች ትመራለች፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ይቀበላሉ። «ጸጋን የተሞላሽ ማርያም ሆይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን… ሰውነት፣ የወንድምህን እግር ልቀቅ!… ጌታ ካንቺ ጋር ነው… ይኸነው፣ ዶቃውን ከአፍህ አውጣ ብዬሃለሁ!… ከሴቶች ሁሉ የተባረክሽ ነሽ… አንተ፣ ከዚያ ላይ ውረድ!» እኔ ከአጥሩ ወዲህ ድንች እየመረጥኩ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። አንድ ቀን «ምህረቴ፣ ማርያም እኮ ግራ ገባት፤ የምትመሰገነው እሷ ናት ወይስ የምትቆጣው?» አልኳት። አላፈረችም። «እትዬ፣ ልጆቹን የሰጠኝ እሱ እግዚአብሔር ነው። ጸሎቴን ቆራርጬ ብልክለት ምን ይለኛል?» አለችኝ።

ሰፈራችን የገባችው የሚሊኒየሙ ዓመት፣ ሰውነትን አርግዛ ነው። ወላጆቿ ድሮ ከከምባታ በሰፈራ ፓዊ የገቡ ናቸው፤ እሷ እዚያው ተወልዳ እዚያው አደገች። ባሏ አበረ ግን የእኛው ሰው፣ እዚህ ቅርብ የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ ነው። የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ሊሠራ ፓዊ ወረደና ሚስትም ሃይማኖትም ይዞ ተመለሰ። ዘመዶቹ ትንሽ አኮረፉ፤ የልጆቹን መልክ ሲያዩ ለቀቃቸው።

በመጣች ሰሞን «ካቶሊክ ነኝ» ስትለኝ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። «ማርያምን ትወጃለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ቤት ገባችና በመስታወት የተከደነች የማርያም ሥዕል ታቅፋ ወጣች። «በቃ፣ ከእሷ ጋር ከተስማማሽ እኔ ምን ቸገረኝ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው ሲያልቅባት ከእኔ፣ ክብሪት ሲያልቅብኝ ከእሷ ነው።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን የላቸውም። ቄሳቸው ከባሕር ዳር በወር አንድ እሑድ በሚኒባስ ይመጣሉ፤ ሠላሳ የማይሞሉ ሰዎች በተከራዩት ቤት ተሰብስበው ያስቀድሳሉ። የዚያ ቤት ቁልፍ ያለው ምህረቴ ጋ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ታዲያ አትጠጓት! ልብሰ ተክህኖውን ታጥባለች፣ በከሰል ካውያ ትተኩሳለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ ልጆቹን በየተራ ሳፋ ውስጥ ትነክራለች፤ በመካከሉ ባሏ የጨረሰውን ወንበር ቫርኒሽ ትቀባለች፤ እጇ ሁልጊዜ ቢጫ ነው። እሑድ ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰው ሲወጡ መልአክ ይመስላሉ። እስከ በሩ ድረስ ነው ታዲያ። ከበሩ ውጪ የኢንጅባራ ጭቃ ይጠብቃቸዋል፤ ይኸነው ደግሞ ጭቃ ያየ እንደሆነ ዘሎ መሃሉ ካላረፈ ደስ አይለውም። እሷ መንገድ ዳር ቁማ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ፣ አበረ ቁልፉን እያንቃጨለ «ቄሱ ደረሱ!» ሲል፣ ሰውነት «እኔ ንጹሕ ነኝ» እያለ ሲያሳጣ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አገኛቸዋለሁ። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።

ቄሱ በማይመጡበት እሑድ ቤቷ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። አበረ ወንጌል ያነባል፣ እሷ ትዘምራለች። እነሱ ሲጨርሱ ልጆቹ ከእንደገና ይጀምራሉ፤ ይኸነው የእናቱን ነጠላ እንደ ካባ ደርቦ ይቀድሳል፣ ሰውነት በማንኪያ ኩባያ እየመታ ቃጭል ይሆናል። በአጥሩ ሳሳ ያለበት በኩል ስንት ጊዜ ቁሜ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ጊዜ ይኸነው አየኝና «እማማ ስሜነሽ፣ ጫማሽን አውልቂ!» ብሎ ጮኸብኝ። አወለቅኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ጾሙንም ላንሣው። እኛ ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፤ እነሱ እንደ እኛ አያጠብቁትም። ዓርብ ቀን ለልጆቹ እንቁላል ስትጠብስ በርና መስኮቷን ዘግታ ነበር፤ እኔን እንዳትፈትነኝ ብላ እኮ ነው። አንድ ዓርብ ጭሱ በጣራው ሥር ሲወጣ አየሁና «አንቺ፣ ክፈቺው! ልጆቹን በጭስ ልትገድያቸው ነው? እኔ እንደሆነ ባሸትስ ማን ይጠይቀኛል!» ብዬ ተቆጣኋት። በሩን ከፈተች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዓርብ ዓርብ እንቁላሉን ትታ ሽሮ ትሠራለች። እንዲህ ያለች ናት። ተቆጥተሽ ታሸንፊያታለሽ፣ በማግስቱ ግን እሷ አሸንፋሽ ታገኛታለሽ።

እኔ አልወለድኩም። ይህን አንዴ እናገራለሁ፣ አልደግመውም። ባለቤቴ አዝመራው ነፍሱን ይማረውና አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን ሳንወልድ ሞተ። ገበያ ላይ ከእኔ ጋር ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሁሉ የእገሌ እናት፣ የእገሊት እናት ይባላሉ። እኔ ስሜነሽ ነኝ፣ በቃ። ቻልኩት፤ ግን አይከነክንም ማለት አይደለም።

በሁለት ሺህ ሰባት ሐምሌ፣ ምህረቴ ሦስተኛዋን አርግዛ ቀኗ ደርሶ ነበር። አበረ ቀርከሃ ሊያመጣ ገጠር ወጥቷል። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ከአጥሩ ወዲያ «እትዬ!» ስትል ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝ፤ ሮጥኩ። ልጆቹን እኔ ቤት ቆለፍኩባቸውና ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ ሆዷን ሲያይ «ወንበሬ ይበላሽብኛል» አይለኝ መሰላችሁ! «ያንተን ሸሚዝ አስወልቄ ነው የማነጥፍልህ! ንዳ!» አልኩት። ነዳ። ጤና ጣቢያ በገባን በግማሽ ሰዓት ሴት ልጅ ተገላገለች።

ሕፃኗን መጀመሪያ የታቀፍኩ እኔ ነኝ። ቀይ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ቁጡ ናት። ግንባሯን ቋጥራ አየችኝ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኩና ወዲያው «ይህችን ክርስትና የማነሣት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ አበልጄ ነሽ!» አልኳት። ምህረቴ ዓይኗ እየተከደነ «ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ» አለች። እሷም እኔም ማንንም አልጠየቅንም። እነሱም ያጠምቃሉ፣ እኛም እናጠምቃለን፤ እነሱም በማርያም፣ እኛም በማርያም። ምን ይጠየቃል?

ከዚያማ ማን ይቻለኝ! ገበያውን አዳረስኩት። «አበልጅ ልሆን ነው፣ የክርስትና ልጅ ላነሣ ነው» ያላልኩት ሰው የለም። ነጭ ቀሚስ በጥልፍ አሠራሁ። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቆጠርኩት፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ዋለ። ምህረቴ ወንዶቹን አርባ ሳይሞላቸው ነበር ያስጠመቀቻቸው፤ ለዚህችኛዋ ግን ለእኔ ብላ ሰማንያውን ጠበቀች። ስሟንም ሜላት አሏት። ቄሳቸው ሲጠየቁ «ከእኛ አንድ ሰው አብሯት ከቆመ በእኛ በኩል ችግር የለውም» አሉ። እሰይ አልኩ።

በእኔ በኩል ነው ችግሩ የመጣው። መስከረም አጋማሽ ላይ የንስሐ አባቴን መምሬን ሳገኝ በደስታ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ሰሙኝና «ልጄ ስሜነሽ፣ ውደጂያት፣ አዝለሽ አሳድጊያት፣ ማን ይከለክልሻል። ክርስትና ማንሣት ግን በሃይማኖቴ አሳድጋታለሁ ብሎ ቃል መግባት ነው። እዚያ ቆመሽ ይህን ቃል እንዴት ትገቢያለሽ? ከገባሽስ እንዴት ከእኛ ጋር ትቆርቢያለሽ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፣ መልስ እሰጥ ነበር። የበለጠ ያናደደኝ ልክ መሆናቸው ነው።

ቤቴ ገብቼ ቀሚሱን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ለምህረቴ ምን ብዬ ልንገራት? ስንት የፎከርኩባት ሴትዮ፣ ሰማንያ ቀን ያስጠበቅኳት ሴትዮ፣ አሁን «አልችልም» ልበል? አፌ ቁርጥ ይበል! ተደበቅኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳይነጋጋ ወጥቼ ምሽት እገባለሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ «እትዬ» ስትል ዝም እላለሁ። ይኸነው በቀዳዳው አንድ ዓይኑን አስገብቶ «እማማ፣ ታስረሽ ነው?» አለኝ። «ሂድ ወደ እናትህ!» ብዬ ጮኽኩበት፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያቺ ቁጡ ሕፃን በሌላ ሰው እጅ ክርስትና ትነሣለች፤ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ስሜነሽ እንደሆንኩ እቀራለሁ።

በአሥረኛው ቀን ምህረቴ ሜላትን አዝላ፣ እጇ በቫርኒሽ እንደተለወሰ በሩን በርግዳ ገባች። ሰባት ዓመት «እርስዎ» ያለችኝ ልጅ «ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ። «ንገሪኝ! ሰው ምን አለሽ? ካቶሊክ መሆኔ ዛሬ ነው የታወቀሽ?» ድምፅዋ አይሰማም የምትሉ ብትሰሟት ኖሮ! ሜላት ጀርባዋ ላይ ሆና ታለቅሳለች፣ እሷም ታለቅሳለች። ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፣ ዘረገፍኩት። መምሬ ያሉትን፣ ገበያውን፣ ቀሚሱን፣ ሁሉን ነገርኳት።

ስጨርስ የምቀመጥባት ዱካ ላይ ዘፍ አለችና አየችኝ። «ለዚህ ነው ዘጠኝ ቀን?»

«ገበያው ሁሉ ሰምቶ!»

«ገበያው ምን አገባው!» አለችና ሕፃኗን አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ንዴቷ ሲበርድላት «እርስዎ» ማለቷም ተመለሰ። «እትዬ፣ ውሃው ጋ የምትቆም እህቴን ከፓዊ እጠራለሁ፣ ችግር የለውም። እኔ ከእርስዎ የፈለግኩት ሌላ ነው። ልጄን የእኔ ናት ብሎ የሚቆጣልኝ ሰው ነው የፈለግኩት። እዚህ አገር ዘመድ የለኝም እኮ። በእናንተ አገር ሰው የሚዛመደው በክርስትና ብቻ ነው? ሌላ መንገድ የላችሁም?»

ሌላ መንገድ! ሞት ይርሳኝ፣ የገዛ አባቴ የማር ልጅ አልነበረም እንዴ! ድሮ በእኛ ዘንድ ያልወለደ ሰው ወይም ዝምድና የፈለገ ሰው ሽማግሌ አስቀምጦ አውራ ጣቱን ማር ይነክርና ለልጁ ያጠባዋል፤ «ልጄ ነው» ይላል፤ በቃ፣ ልጁ ነው። ከወለዱት እኩል ይወርሳል፣ ሲሞት ከልጅ ወገን ቆሞ ያለቅሳል። አባቴን እንዲህ ልጅ ያደረገው ሰው ሲሞት አባቴ ራሱን ተላጭቶ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ለምህረቴ እየተንተባተብኩ ስነግራት አፏን ከፍታ ሰማችና «ታዲያ እስካሁን የት ነበሩ?» አለችኝ። ተናድጄ ነበራ! የተናደደ ሰው ምን ያስታውሳል?

መምሬ ጋ በረርኩ። ሳቁ እንጂ። «ይህማ የአገር ወግ ነው፤ አባትሽንም አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ካስፈለገሽ እኔው አለሁልሽ፤ እንደ ቄስ ሳይሆን እንደ ሽማግሌ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

የጥምቀቷ እሑድ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጣ። ቀሚሱን አልብሼ፣ ሜላትን ታቅፌ እስከዚያ እስከተከራዩት ቤት በር ድረስ አደረስኳትና ለምህረቴ እህት ለሕይወት ሰጠኋት። እኔ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ይኸነውም ተንጫጭቶ ስላስቸገረ ወደ እኔ ተላከ። ውሃው ሲነካት ስትጮህ ሰማሁ፤ ሳላስበው ብድግ አልኩ። በዚያች ሰዓት ሕፃኗን ባቀፈችው በሕይወት ላይ ቀናሁ፤ አልዋሽም፣ ቀናሁ። ይኸነው ቀሚሴን ይዞ «ተቀመጪ፣ እሷ ሁልጊዜ ነው የምታለቅሰው» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቤታቸው ገባን። ዳቦ ተቆረሰ፣ አበረ በአዲስ ሸሚዝ ሰው ያስተናግዳል። መምሬ ግቢው ውስጥ በቀርከሃው ወንበር ተሰይመዋል፤ የወንበሩን ሥራ እየነካኩ አበረን ያሞግሱታል። ወንድሜ ከቀፎው የላከልኝን ነጭ ማር በሰሐን አቀረብኩ። ሜላትን ታቀፍኩ፣ አውራ ጣቴን ማሩ ውስጥ ነከርኩ፣ ወደ አፏ ሳስጠጋ ምህረቴ እጄን ላጥ አድርጋ ያዘችው!

«ኧረ እትዬ! እስከ ስድስት ወሯ ከጡት በቀር ውሃ እንኳ አትቀምስም! ጤና ጣቢያ የነገሩንን አብረን አይደል የሰማነው?»

ጉድ ፈላ። እውነቷን ነው፤ ያን ቀን አልጋዋ አጠገብ ሆኜ አዎ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። ማር ጣቴ ላይ ይንጠባጠባል። ይህችን ልጅ ስንት ጊዜ ነው የምነጠቀው? መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የማር ልጅ እንዳለ ሁሉ የጡት ልጅም አለ እኮ። የሚቀመሰው ማር ብቻ ነው ያለው ማነው?» አሉ።

ምህረቴ ወዲያው ገባት። ወደ ጓዳ ሳበችኝ፤ የሌላኛውን እጄን አውራ ጣት በደንብ አጠበችና ከገዛ ጡቷ ወተት አለበችበት። እየተሳሳቅን ወጣን። ጣቴን ለሜላት ሰጠኋት። ግንባሯን ቋጥራ አየችኝ፣ አሰበች፣ ያዘችው። ትንሽ አፏ እንዴት ብርቱ ነው! ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ሕፃን ከአካሌ ሲጠባ ያን ጊዜ አወቅኩት። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ፣ አልጠረግኩትም። እንደ ወጉ ጮክ ብዬ «ሜላት ልጄ ናት! ካለኝ ትካፈላለች፤ ስሞት ታለቅስልኛለች!» አልኩ። «ልጅሽ ናት!» አሉ መምሬ። እልል ተባለ።

በእልልታው መሃል የቀኝ እጄ ሞቀኝ። ዞር ስል ይኸነው ማር የነከረውን አውራ ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቶ ይጠባል! «አንተ!» ብላ እናቱ ስትነጥቀው፣ ሰውነት ጣቴን ሰሐኑ ውስጥ መልሶ ነከረና እሱም ላሰው። ምህረቴ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። መምሬ ግን እጃቸውን አነሡ። «ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ማር ተቀምሷል። እነዚህም ልጆችሽ ናቸው። ቃሉን በይ» አሉኝ።

«ልጆቼ ናቸው። ካለኝ ይካፈላሉ። ስሞት ያለቅሱልኛል» አልኩ።

«መጀመሪያ የማለቅሰው እኔ ነኝ፣ ትልቁ ስለሆንኩ» አለ ሰውነት።

ይኸነው ወንድሙን አየው፣ እኔን አየኝ፤ ከዚያም የአራት ዓመት ሳንባውን ሞልቶ፣ አፉን ከፍቶ «እማማ ስሜነሽ! እማማዬ!» እያለ እዚያው ዕሪ አለ። አበረ ሊያባብለው ብሎ በሳቅ ወደቀ፣ መምሬ በሳቅ አነቡ፣ ምህረቴ አጥሩን ተደግፋ ትንፋሽ አጥሯታል። ሜላትን በአንድ ክንዴ እንደያዝኩ በሌላው አቀፍኩትና «አለሁ ልጄ፣ አልሞትኩም፣ አለሁ» አልኩት። እሱ ግን ወንድሙ እንዳይቀድመው ፈርቶ ማልቀሱን አልተወም።